ጠጪ የሌለበት ቤት ያደረ ማሰሮ

እግሬ ሁለት ነው። የሚያኮራ ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ዶሮም ሁለት አላት። ይሁን እንጂ አንደኛውን ከጉልበቴ በታች ሊወስዱብኝ ቀጠሮ ተይዞለት ስለነበረ፣ እንዴት እንደተረፈልኝ ብጽፍ ቁስሉን አስታምሞ የተኛ አንድ ሰው ይጠቀምበት ይሆናል። ጤነኛው አንባቢም አይከፋው። ጤነኛ ሰው የሌላውን ሕመም በዝርዝር መስማት እንደሚወድ፣ ሊጠይቁኝ መጥተው «እስቲ ጨርቁን ግለጠው» ካሉኝ ሰዎች ተምሬአለሁ።

አሶሳ የመጣሁት ለአገሩ ከተሾመው ሹም ጋር በጸሐፊነት ነው። አገሩ ለእኛ አዲስ ነበር፤ እኛም ለአገሩ አዲስ ነበርን፤ ልዩነቱ እኛ ሳንጠራ መምጣታችን ነው። ከጎጃም ይዤ የመጣሁት ሚስቴን ጥሩነሽን፣ አንዲት በቅሎ፣ አንዲት ድመትና፣ ቆላ ሰውን የሚገድለው በንዳድ ብቻ ነው የሚለውን እምነቴን ነበር። ንዳድን ፈርቼ ማታ ማታ እስከ አፍንጫዬ ተሸፋፍኜ ስተኛ፣ ሊገድለኝ የነበረው ነገር በጠራራ ቀን መጣ። በክረምቱ መግቢያ ወርቅ አጣቢዎቹን ለማየት መንጌ ደርሼ ስመለስ የተሰነጠቀ ቀርከሃ ቅልጥሜን ጫረኝ። ጭረት ብቻ ነው። ድመቷ ብትቧጭረኝ ከዚያ በላይ እጮህ ነበር።

ጭረቷ ውሃ ቋጠረች፤ ውሃው ፈነዳ፤ ከዚያ ዳሩ እየተነሣ መሃሉ እየጎደጎደ፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ድንበር እንደሚገፋ ክፉ ጎረቤት ይሰፋ ጀመር። የቆላ ቁስል ይሉታል። አገሬው ያውቀዋል፤ እኛ ደገኞች ግን የምናውቃቸውን በሽታዎች ብቻ ስለምንታመም ሌላ ስም ፍለጋ ገባን።

ጥሩነሽ ምች ነው አለች። ዳማከሴ ጨምቃ ግንባሬን አሸችኝ፤ ግንባሬ ምንም አልነበረውም። ሹሙ ቤት አብሮኝ የሚጽፍ ደብተራ ባልንጀራዬ የወንዝ መንፈስ ነው አለና ክታብ ጽፎ ከቁስሉ በላይ አሰረልኝ። እኔ ብጽፈው የተሻለ የእጅ ጽሑፍ ይኖረው ነበር። በሸርቆሌ በኩል ወደ ሱዳን የሚያልፍ አንድ ግሪክ ነጋዴ ደግሞ አውራ ጣት የምታህል ጠርሙስ ሰጠኝ፤ ውስጧ ጥቁር ማር የመሰለ ቀጭን ፈሳሽ ነበረባት። በጥጥ እየነከርኩ ስቀባው እንደ እሳት ለበለበኝ። ሽታው ግን ቀነሰ፤ ድንበር መግፋቱንም አቆመ። ጠርሙሷ አለቀች፤ ግሪኩም መንገዱን ቀጥሏል። ቁስሉ አንድ ሁለት ቀን አመነታና እሱም መንገዱን ቀጠለ።

ከዚያ ወጌሻ። ከካማሺ በኩል የመጣ፣ ስብራት በማቃናት ስሙ የተነሣ ሰው ነበር፤ ስብራት ስላልነበረኝ ስሙ አልጠቀመኝም። ተራ የሚጠበቀው ግቢው ውስጥ ከሾላ ሥር ነው። ከጎጆው የሚወጣ ሰው ከሾላው ሥር የተቀመጡትን በዓይኑ አያይም። ስጠብቅ ይህ ንቀት ይመስለኝ ነበር፤ ወጥቼ ሳልፍ እኔም አላየኋቸውም። ያን ቀን ክንዱ የተሰበረ አንድ ገበሬ አጠገቤ ነበር። ቋንቋ አልተግባባንም። እግሬ መሬት እንዳይነካ የማሽላ ከረጢቱን ከሥሩ አደረገልኝና፣ በተንሸራተተ ቁጥር በደህናው እጁ እያስተካከለ ተራዬ እስኪደርስ አብሮኝ ቆየ። የእሱ ተራ ከእኔ በፊት ነበር፤ አሳለፈው። ስሙን አላውቅም።

ወጌሻው በጋለ ብረት ተኮሰኝ። ሁለተኛ ስመጣ ብረቱን ሳያነሣ ጎንበስ ብሎ አሸተተና፣ አጥንቱን ሊነካ ነው፣ ወደ ላይ ከወጣ ሰውየውን ይዞ ይሄዳል፣ መስቀል ካለፈና ዝናቡ ካቆመ ከጉልበት በታች እንቆርጠዋለን አለ። ክፉ ሰው አልነበረም። መጋዙን በደንብ እንደሚስለው ቃል ገባልኝ።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ሌሊቶች አልዘረዝርም። ደሙ ባይቆምስ የምትል አንዲት ጥያቄ ነበረችኝ፤ መብራት ስናጠፋ ትመጣለች፣ ዶሮ ሲጮህ ትሄዳለች።

ቤታችንም አብሮኝ ታመመ። ጥሩነሽ ጎጃም ወስዳ ጠበል ልታስጠምቀኝ ፈለገች፤ ወንድሞቿም በነጋዴ አፍ «አምጪው» እያሉ ይልኩባት ነበር። እኔ ዓባይን ሳንሻገር መንገድ ላይ እቀበራለሁ አልኩ። እሷ ደግሞ፣ እዚህ ከሚቀበሩ መንገድ ላይ መቀበሩ ቢያንስ ወደ አገር ያቀርብዎታል አለች። ተኳረፍንና በድመቷ በኩል መነጋገር ጀመርን። «ድመቴ፣ ለጌታሽ ምሳቸው ቀርቧል በያቸው» ትላለች። እኔም እንዳልራበኝ ለድመቷ እነግራታለሁ። በዚያ ክረምት ከቤታችን የወፈረች እሷ ብቻ ነበረች።

ሐዋ የመጣችው በዚህ መካከል ነው። ከእኛ ሰፈር ቁልቁል፣ የአገሬው ሰው መንደር ውስጥ የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት ነጋዴ ናት፤ ጨው፣ የሱዳን ጨርቅ፣ ከርቤ፣ የደረቀ ቅጠልና ቅርፊት ትሸጣለች። ትሕትና ሲታደል እሷ ገበያ ነበረች። አማርኛዋ ውስጥ አንቱታ የለም፤ ሹሙንም አህያዋንም አንተ ትላለች፤ ወንድና ሴትም ለአማርኛዋ አንድ ናቸው። ለጥሩነሽ ጨው ልትሸጥ መጥታ ደጃፉ ላይ አፍንጫዋን ያዘች።

«እዚህ ቤት ምን ሞተ?»

«ገና አልሞተም» አለች ጥሩነሽ። «ባሌ ነው።»

ሐዋ ሳትጠየቅ ገብታ ጨርቁን ገለጠች። የብሳና ቅርፊት አስመጥታ እንደ ዱቄት ፈጨችና ቁስሉ ላይ ነሰነሰችው፤ እየነሰነሰችም ያዳነቻቸውን ሰዎች ከነዘር ማንዘራቸው ዘረዘረችልን። ዱቄቱ ከላይ ደርቆ ጠጠረ፤ ከሥሩ መግል ቋጠረ። ተሳስተሻል ስላት፣ ዱቄቱ አልተሳሳተም፣ የተሳሳተው እግርህ ነው አለችኝ። የወደድኳት ይህን ጊዜ ነው። ከእሷ በፊት ያከሙኝ ሁሉ ሳይሳካላቸው ሲቀር ወይ እግዚአብሔርን ወይ ኃጢአቴን ይጠሩ ነበር። እሷ ግን ከእግሬ ጋር ተጣላች፤ በማግስቱም ልትረታው ተመልሳ መጣች።

በዚያ ማግስት መደብ ላይ የተቀመጠችውን ባዶ የግሪክ ጠርሙስ አየቻት። ይህቺ ነበረች ቁስሉን ያቆመችው አልኳት። ውታፏን ነቅላ አሸተተች።

«ከርቤ» አለች ወዲያው። «ሌላም አለ። አፍንጫ የሚናደፍ። ምንድን ነው ይሄ?»

ተቀብዬ አሸተትኩ። ለዚህኛው ክፍል የሠለጠነው አፍንጫ የእኔ ነበር። አረቄ ነው ስላት እጇን ልትታጠብ ወጣች።

ታጥባ ተመልሳ በሩ ላይ ብዙ ቆመች። ከርቤ በውሃ አልሟሟ እያለ ዕድሜዋን ሙሉ አስቸግሯታል። አረቄ ምን ምን እንደሚያሟሟ ደግሞ እኔ ከራሴ ሕይወት አውቃለሁ። የግሪኩን ጠርሙስ እንዲህ ግማሹን እሷ፣ ግማሹን እኔ ፈታነው። ቅጠሉና ቅርፊቱ የእሷ፣ አረቄው የጥሩነሽ፣ እግሩ የእኔ እንዲሆን ተስማማን። ሐዋ አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀች፤ አረቄውን አትነካም፣ አረቄው የተነካበትንም ዕቃ አታጥብም።

አሁን አንባቢ የአንድ ቅጠል ስም ጠርቼ እንድገላግለው እንደሚጠብቅ አውቃለሁ። ስለ ሥራ ሥር የተጻፈ ጽሑፍ ሳገኝ አላልፍም፤ ሁሉም የቅጠሉን ስም ይነግሩኛል፣ አደራረቁን የነገረኝ ግን የለም። ስሙ ከተፈለገ ይኸው፤ የብሳና ቅርፊት ነው፣ ከርቤ ነው፣ ሦስተኛው ሎሚ ሎሚ የሚሸት የቆላ ቅጠል ነው፤ በሐዋ ቋንቋ፣ በበርታ፣ ያለውን ስሙን እኔ ስጠራው ሐዋ ስለምትስቅ አልጽፈውም። ስሙን አውቆ አሠራሩን የማያውቅ ሰው ምን እንደሚያገኝ ጥሩነሽ አሳየችን። ዝናቡ ፋታ በሰጠበት ቀን ቅጠሉን እንደ ጌሾ ፀሐይ ላይ አሰጣችው። ደገኛ የሚደርቅ ነገር ሁሉ ለፀሐይ የተፈጠረ ይመስለዋል። ሐዋ መጥታ አንዱን ቅጠል በጣቷ አሽታ አሸተተችና ሰፌዱን እንዳለ ፍየል ፊት ደፋችው። ፍየሏም አልፈለገችውም። ሽታው ወደ ፀሐይ ሄዷል፣ የቀረው ገለባ ነው አለች።

የእሷን ዕቃ ቤት ሳየው ገባኝ። ግድግዳው የተጠለፈ ቀርከሃ ነው፤ ነፋስ እንደ ልቡ ይገባል ይወጣል፣ ፀሐይ ግን አትገባም፣ የምድጃ ጭስም አይደርስበትም። ቅጠሉ በትንንሽ እስር ተዘቅዝቆ ይንጠለጠላል። ደረሰ የሚባለው ሲያጥፉት ታጥፎ ሲቀር ሳይሆን «ቀሽ» ብሎ ሲሰበር ነው። ቅርፊቱም እንደ ዱቄት አይፈጭም፤ በዱቄቱ አንዴ ተቀጥታለች፤ ዱቄት አረቄ ውስጥ ጭቃ ይሆናል፣ ጨርቅም አያጠራውም። ሽምብራ እስኪያክል ብቻ ይከሰከሳል። ይህን ሁሉ ስትነግረኝ የፈጠረችው እሷ እንደሆነች አድርጋ ነው። ቢሆንም እኔ ቸኩሎ የሚሠራ ሰው ነኝ፤ ቅጠል በራሱ ጊዜ እስኪደርቅ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ከተመለከትኩ እጅ እነሣለሁ፤ ቢኩራራም አይደንቀኝም።

ጥሩነሽ አረቄውን እንዲጠነክር ደግማ በእሳት አወጣችው። ያወጣችበት ቀን ሐዋ በግቢያችን አጠገብ ስታልፍ እንኳ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አደረገች። ሲቀዳ ግን መኖር ነበረባት። ማሰሮውን እስከ ግማሽ በደረቁ ቅጠል፣ ቅርፊትና በተቀጠቀጠ ከርቤ ሞላችና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ጥሩነሽ ከኋላዋ ታፈሳለች። ሐዋ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ከድምፁ ብቻ፣ «ጨምር፣ ጨምር፣ አሁን ቀስ፣ በቃ» ትላለች። ጎንበስ ብዬ አየሁት፤ ቅጠሉ ልክ ተሸፍኖ ነበር። ከዚያ አፉ በጨርቅና በሰም ታሸገ። ጨለማ ቦታ ተቀምጦ በየቀኑ እየተናጠ፣ ጨረቃ ሞልታ እስክትጎድል መቆየት አለበት ተባለ። ሐዋ «ደዋ» ትለዋለች፣ መድኃኒት ማለት ነው። እኛ ዝፍዝፍ አልነው።

ማሰሮው ከአልጋዬ ራስጌ ጥግ ተቀመጠ። እዚህ ላይ የእኛን ሰው ልማድ መናገር አለብኝ። በእኛ ዘንድ ታማሚ ሊጠይቅ የመጣ ሰው አፉን ሳያረጥብ አይመለስም፤ ታማሚውን ማስነሣት ደግሞ ነውር ነው። ስለዚህ ጠያቂው ያገኘውን ራሱ ይቀዳል፣ ለባልንጀሮቹ ያዞራል፣ ታማሚውን ይመርቃል። ውብ ልማድ ነው። ማሰሮው ሊደርስ ሲቃረብ፣ ጥሩነሽ ወንዝ ወርዳ ሳለ፣ ጎረቤታችን ባሻ ተሰማ ሁለት ወታደሮች አስከትሎ መጣ። እኔን ትኩሳት ደቁሶኝ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር። ስነቃ የማሰሮው ሰም ተልጧል፤ ሦስቱም ዋንጫቸውን ይዘው በተርታ ቆመው እግዜር ይማርህ፣ ያስነሣህ፣ ለከርሞ ያድርስህ እያሉ መድኃኒቴን ይጠጡታል።

«ባሻ፣ ምንድን ነው የምትጠጣው?»

«እኔም እሱን ነው የምጠይቀው፣ አያ ጸሐፊ» አለ ዋንጫውን እያየ። «መጀመሪያ ይመራል። ሁለተኛው ላይ ግን ይለመዳል።»

ማሰሮው ውስጥ የቀረው ቅርፊት ብቻ ነበር። ባሻ በማግስቱ ሳሉ እንደለቀቀው ሊነግረኝ ተመልሶ መጣ፤ የተረፈ እንዳለም ጠየቀኝ። አንባቢ በባሻ እንዳይታለል፤ ሁለቱ ወታደሮች ሲያስመልሳቸው አድረዋል። ለቁስል የተሠራ ነገር ለሆድ አልተሠራም።

ጥሩነሽ ከወንዝ ስትመለስ ባዶውን ማሰሮ አየች። ትጮሃለች ብዬ ስጠብቅ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ድመቷ እግሯ ሥር ነበረች፤ አላየቻትም።

«አሁን ምን እናድርግ?» አለችኝ፣ ለእኔው።

በማግስቱ ሐዋ ሰማች። የእኔን ደዋ ወታደር ሽንት አደረገው ብላ ግቢው መሃል ቆማ በበርታም በዐረብኛም በአማርኛም ተሳደበች፤ አማርኛው ከሁሉ ያነሰ ነበር፣ ግን በቂ ነበር። መስቀል ቀርቧል። ደረቅ ቅጠል ለሌላ አንድ ማሰሮ ይበቃል፣ ከዚያ በላይ አይበቃም። ጥሩነሽ የቱ ጋ እንደምንደብቀው ታስብ ጀመር፤ ጣሪያ ሥር፣ ጎተራ ውስጥ፣ መሬት ቀብረን። እያሰበች ራሷ ታፈርሰዋለች፤ ወታደር መሬት የተቀበረ አረቄ ማግኘት እንደማያቅተው ሁላችንም እናውቃለን። ጎረቤት ቤት እንዳናስቀምጠው እዚያም ታማሚ አይጠፋም፣ ጠያቂም አይጠፋም።

ሐዋ ግን፣ «እኔ ቤት ማን ይጠጣል?» አለች።

ጥሩነሽ ወዲያው አልገባትም። እኔ ገብቶኝ ነበር፤ ግን የተሳሳትኩ መሰለኝ። የሐዋ ቤት ተራ ቤት አይደለም። የሟች ባሏ ወንድም ቁርአን የሚያስተምሩ ፈቂ ናቸው፤ ልጆቹን የሚያስተምሩት በእሷ ግቢ ነው፤ ጁምዓ ጁምዓ ከሶላት በኋላ ምሳቸውን የሚበሉት በእሷ ቤት ነው። በመንደሩ ውስጥ ስሟ የቆመው በጨው አይደለም፣ በዚያ ምሳ ነው።

«ሰው ምን ይልሻል?» አለቻት ጥሩነሽ።

«ስም ይጠፋል፣ እግር ይቆረጣል» አለች ሐዋ። «የትኛው ነው ተመልሶ የሚበቅል?»

ሁለተኛው ማሰሮ እኛ ቤት ተሞላ፣ ታሸገ፣ በሰሌን ተጠቅልሎ የእሷ ዕቃ ቤት ውስጥ ከተንጠለጠሉት ቅጠሎች ሥር ገባ። በየቀኑ የምትንጠው ራሷ ነበረች። ማሰሮው ሸክላ ነው፣ ሸክላ ሐራም አይደለም አለችን፤ ቢሆንም በናጠችው ቁጥር ትታጠብ ነበር።

መስቀል አለፈ። ወጌሻው መጋዙን በቆዳ ጠቅልሎ መጣ፤ ቃሉን ጠብቆ ስሎታል። ማሰሮው ገና አልደረሰም፤ እኔ ደግሞ ትኩሳቱ አድክሞኝ ይቆረጥና ይገላግለኝ ወደማለቱ ነበርኩ። ጥሩነሽ በሩ ላይ ቆመች። በሁለት እጇ መቃኑን ይዛለች። ስትከራከር አልሰማኋትም፤ እግሩ ለጊዜው አይሰጥም ብቻ አለችው፣ ዕቃ ሊዋስ ለመጣ ጎረቤት እንደሚባለው። እሱም አልተቀየመም። ከጠቆረ ጥሩኝ ብሎ ሄደ። ጎጃም ካልወሰድኩዎት ብላ ከእኔ የተኳረፈችው ሚስቴ ይህቺው ናት፤ ከሁለት ሰው አንዱ ተስፋ ሲቆርጥ ሌላው በር ላይ የሚቆምበትን ነገር ትዳር ይሉታል መሰለኝ።

ማሰሮው ሲከፈት መልኩ እንደ ግሪኩ ጠርሙስ ጠቁሯል። ጥሩነሽ ሐዋ ቤት ሄዳ ራሷ ትቀዳለች፣ በጨርቅ ታጠራለች፣ በጠርሙስ ይዛ ትመጣለች። ቁስሉ መጀመሪያ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ይታጠባል፤ ከዚያ ንጹሕ ጥጥ በዝፍዝፉ ይነከራል። ሕመሙን ለመግለጽ አልሞክርም፤ በግዕዝ የማውቀው ስድብ አልቆብኝ ወደ አማርኛ እመለስ ነበር። በመጀመሪያ ሽታው ሄደ። ከዚያ ጥቁሩ እየተላጠ ወደቀ። ከዚያ እንደ ሮማን ፍሬ ቀይ ሥጋ ከሥር ብቅ አለ፤ ያ ክፉ ጎረቤት የገፋውን ድንበር በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይመልስ ጀመር። እግሬን እያየሁ የማለቅስበት ምክንያት ተለወጠ።

አንድ ክርስቲያን ሴት በየማለዳው ከእስላም ቤት ጠርሙስ ይዛ ስትወጣ ግን መንደር አይታወርም። ከሐዋ ጨው የሚገዙ ሴቶች ከሌላ መግዛት ጀመሩ። ከዚያ ፈቂ መጥተው ጠየቋት። ሐዋ የሆነውን ስትነግረን የሁለቱንም ድምፅ እየለዋወጠች ነበር። አረቄ ቤትሽ አለ ወይ አሏት። አለ አለች።

«ፈቂ፣ የሚሰክር አፍ ነው» አልኩት አለችን። «እግር ይሰክራል ወይ?»

ፈቂ አልሳቁም። ስለ እግሩ አላውቅም፣ ስለ ማሰሮው ግን አውቃለሁ፤ እሱ ከዚህ ቤት እስኪወጣ እኔ እዚህ ቤት አልበላም ብለው ሄዱ። በሚቀጥለው ጁምዓ ሐዋ እንደ ወትሮው ምሳውን ሠራች። ምሳው ቀዘቀዘ። ይህን ስትነግረን በአንድ ድምፅ፣ በራሷ ብቻ ነበር፤ ስለ ራሷ ሳትኩራራ ስትናገር ያየሁት ያን ቀን ነው።

በቃ ዛሬ ማታ ጨለምለም ሲል ማሰሮውን እንወስደዋለን አልኳት። ውለታ የዋልኩ መስሎኝ ነበር። ተቆጣች።

«ካቲብ» አለችኝ፤ በዐረብኛ ጸሐፊ ማለት ነው፣ እንዲህ ነው የምትጠራኝ። «በጨለማ የወጣ የሌባ ነው። አንተ ትመጣለህ። በእግርህ። ጁምዓ ቀን፣ ሰው ከሶላት ሲወጣ። በፊት በር ይዘህ ትወጣለህ።»

«መራመድ ካቃተኝስ?»

«እንግዲያ ደዋው ውሸት ነው። ፈቂም ልክ ነው።»

ከዚያ በኋላ እግሬ የእኔ ብቻ መሆኑ ቀረ። ጥሩነሽን ተደግፌ ከአልጋ እስከ በር፣ ከበር እስከ በቅሎዋ ጋጣ መራመድ ጀመርኩ። ጡንቻው ኮስሶ እንደ ልጅ እግር ሆኗል፤ ቁርጭምጭሚቱ አልታዘዝም ይላል። ጁምዓ ሲደርስ አልችልም፣ የሚቀጥለው ይሁን እላለሁ፤ ቁልቁል ደግሞ አንዲት ሴት ለማይመጣ እንግዳ ምሳ ትሠራለች። ቁስል ብቻ ቢሆን ኖሮ አልጋዬ ላይ ሆኜ ቀስ ብዬ እድን ነበር። ቶሎ እንድነሣ ያደረገኝ ያ ቀዝቃዛ ምሳ ነው።

ሰዎች ያዳነህ የትኛው ነው ይሉኛል። የባሕር ማዶ ጥበብ የሚያመልኩት አረቄው ነው ብዬ እንድመልስላቸው ይፈልጋሉ፤ የአገር ቅጠል የሚያመልኩት ቅርፊቱ ነው እንድል። ከርቤው ይሁን፣ የፈላው ውሃ ይሁን፣ በየቀኑ የሚለወጠው ጥጥ ይሁን አላውቅም፤ የሚያውቅ ካለም አላመንኩትም። የማውቀው ፀሐይ ላይ ያልደረቀውን ቅጠል፣ ዱቄት ያልሆነውን ቅርፊት፣ ፊቷን አዙራ በጆሮዋ የለካችውን ሴት ነው። ቁስል የያዘህ አንባቢ ሆይ፣ ከአልኩት ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ብትይዝ ይህን ያዝ፤ በጋለ ብረት የሚመጣብህን ሰው ትንሽ አስጠብቀው፤ የዘፈዘፍከውንም ጠጪ የሌለበት ቤት አሳድር።

በመጨረሻ አንድ ጁምዓ በበትር ተደግፌ ቁልቁለቱን ወረድኩ። ጥሩነሽ እጇን ዘርግታ፣ ሳትነካኝ፣ ከኋላዬ ትከተላለች። ሐዋ ቤት ስደርስ በላብ ተነክሬ ነበር። ዕቃ ቤቱ ውስጥ ገብቼ ማሰሮውን በአንድ ክንዴ አቀፍኩት፤ ሥሩ ላይ ጥቂት ቀርቶበታል፤ ስራመድ ይንቦጫቦጫል። ሐዋ አልረዳችኝም። በሩን ብቻ እስከ መጨረሻው ከፈተችው።

ነጭ የለበሱ ሰዎች ከሶላት ወጥተው በመንገዱ ይመጡ ነበር። ፈቂ ከፊት ናቸው። አዩኝ፤ ቆሙ፤ ከኋላ ያሉትም ቆሙ። ሰላም አሉኝ፤ መለስኩ።

«ምንድን ነው የያዝከው?»

«አረቄ» አልኩ።

«የማን ነው?»

«የእግሬ።»

በትሬን ለጥሩነሽ ሰጥቼ ሱሪዬን ሰበሰብኩ። ጠባሳው የመዳፍ ያህል ነው፤ ቆዳው ስስና የሚያብረቀርቅ፣ ዙሪያው የተጨማደደ። ፈቂ ጎንበስ ብለው ብዙ ጊዜ አዩት። በዚያ አገር የኖረ ሰው የዚህን ቁስል መጨረሻ ያውቀዋል፤ ከኋላቸው ከቆሙት መካከል በምርኩዝ የቆመ ነበር። በአንድ ጣታቸው ጠባሳውን ጫን አደረጉት፤ ጠንካራ ነበር። ከዚያ ቀና ብለው ወደ ሐዋ በር አዩ።

«እግር አይሰክርም ብሎኝ ነበር» አሉ፤ ለእሳቸውም አማርኛ ወንድና ሴት አንድ ናቸው። «አሁን ሲወጣ አየሁት። ይንገዳገዳል።»

ሳቁ የተጀመረው ከኋላ ነው፤ ባለ ምርኩዙ ይመስለኛል። ወደ ፊት እየመጣ ፈቂ ጋ ሲደርስ እሳቸውም ያዙት። እኔም ሳቅኩ፤ ስስቅ ማሰሮው ተንቦጫቦጨ፤ እንደገና ሳቁ።

ፈቂ ግቢው ውስጥ ገብተው በሐዋ ደጃፍ ጫማቸውን አወለቁ። ሐዋን ሳያዩዋት ምሳ ደርሷል ወይ ብለው ጠየቁ።

«አንተ ከቀረህበት ጁምዓ ጀምሮ ደርሷል» አለቻቸው።

ገቡ። ሌሎቹም ጫማቸውን እያወለቁ ተከተሏቸው፤ በሩ ላይ የጫማው ክምር ከፍ አለ። እኔ ማሰሮዬን እንዳቀፍኩ፣ በሁለት እግሬ፣ መንገድ ላይ ቀረሁ።